ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ይፈዛል፦ በአዳማ የኪራይ ግቢዎች የሚታዩ የኤሌክትሪክ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አዳማ ውስጥ አንድ ቆጣሪ አምስት ስድስት ቤት ሲያገለግል ማየት የተለመደ ነው። ከቆጣሪው አንድ ጥንድ ሽቦ ተነስቶ በአጥሩ ወይም በግድግዳው ጠርዝ ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ ይሄዳል፤ በየበሩ ላይ ልባሱ ይላጥና ለአንዱ ቤት ይቀጠላል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያልፋል። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ሽቦ ነው። የሚወቀሰው ግን አምፖሉ፣ ምጣዱ ወይም የጎረቤት ፍሪጅ ነው።

የቤት ዕቃዎች የሚገናኙት በትይዩ፣ ባለሙያዎች እንደሚሉት በፓራለል ነው። በትይዩ የተገናኙ ዕቃዎች እኩል ቮልቴጅ ያገኛሉ። ከረንቱን ግን እያንዳንዱ የሚወስደው እንደየራሱ ሬዚስታንስ ነው፣ ማለትም ከረንት እንዳያልፍ እንደሚከለክልበት መጠን፣ በኦም የሚለካው፤ ሬዚስታንሱ ያነሰ ብዙ ይወስዳል፣ የበዛ ጥቂት። የተወሰደው ሁሉ ደግሞ በጋራው ሽቦ ላይ ይደመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ እኩል ቮልቴጅ የሚባለው ነገር የሚሠራው ቅርንጫፎቹ ከሚለያዩበት ነጥብ ጀምሮ ነው። ከዚያ ነጥብ በፊት ያለው ሽቦ፣ ብሬከር፣ ብሎንና ቅጥያ ሁሉ ከሁሉም ዕቃ ጋር በተከታታይ፣ በሲሪየስ የቆመ ነው። ስለዚህ ብልሽት ሲፈለግ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ምልክቱ የታየባቸው ቤቶች ወይም ዕቃዎች የሚጋሩት ሽቦ የቱ እንደሆነ ነው።

ሒሳቡ ሁለት መስመር ነው። ከረንት ማለት ቮልቴጅ ሲካፈል ለሬዚስታንስ፤ ኃይል በዋት ማለት ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት። በ220 ቮልት 3,500 ዋት ምጣድ 15.9 አምፔር ይወስዳል፣ ሬዚስታንሱም 13.8 ኦም ነው። 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ 9.1 አምፔርና 24.2 ኦም፣ 1,000 ዋት ካውያ 4.5 አምፔርና 48.4 ኦም። የ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 0.04 አምፔር ብቻ ነው፤ ሃያ አምፖል ቢበራ እንኳ አንድ አምፔር አይሞላም። መብራት አጥፉ እያሉ ከተከራይ መጨቃጨቅ ለቆጣሪው የሚያተርፈው ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት፦ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፣ ሌላ ሰው እንዳያነሳው ሳጥኑን ይቆልፉ ወይም ሰው ያቁሙ። መለኪያውን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚያውቁት ሶኬት ላይ ይሞክሩ፣ ከዚያ የሚሠሩበትን ቦታ ይለኩ፣ በመጨረሻ ተመልሰው ያንኑ ሶኬት ይለኩ። በካቻቢቴ መልክ የተሠራው ቴስተር ብቻውን አይታመንም፤ ተንሳፋፊ፣ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ሽቦ ላይም ይበራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ኤሌክትሪክ እያለ አይበራም። ከዚህ በታች ኤሌክትሪክ እያለ የሚወሰዱ ልኬቶች አሉ፤ እነሱን መውሰድ ያለበት መልቲሜትር መያዝ የለመደ ሰው ነው።

ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ይፈዛል

ምጣዱ 16 አምፔር ያህል ሲጎትት፣ ይህ ከረንት የሚያልፍበት የጋራ ሽቦ የራሱን ቮልቴጅ ይበላል። ባለ 2.5 (ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ) የመዳብ ሽቦ ሰላሳ ሜትር ሄዶ ሰላሳ ሜትር ሲመለስ 0.42 ኦም ነው፤ በ15.9 አምፔር 6.7 ቮልት ይጠፋል። በባለ 1.5 ሽቦ ከሆነ 0.7 ኦም፣ 11 ቮልት። ክር ያለው የድሮ አምፖል ይህን ወዲያው ያሳያል። ኤልኢዲ እንደ ጥራቱ ነው፤ ደህናው ምንም አይሰማውም፣ ርካሹ ይርገበገባል። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ኤልኢዲ ከሆነ ችግሩ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል መለኪያ መያዝ ግድ ይላል።

ሦስት ቦታ ይለኩ፦ ከቆጣሪው በኋላ፣ የብሬከር ሳጥኑ ላይ፣ ምጣዱ የተሰካበት ሶኬት ላይ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ፣ ምጣዱ ጠፍቶና በርቶ። ለምሳሌ ቆጣሪው ላይ 218 የነበረው 216 ሆነ፤ ሳጥኑ ላይ 218 የነበረው 213 ሆነ፤ ሶኬቱ ላይ 217 የነበረው 201 ሆነ እንበል። ቆጣሪው ድረስ የጠፋው 2 ቮልት ነው፣ ከቆጣሪ እስከ ሳጥን 3፣ ከሳጥን እስከ ሶኬት 11። ጥፋቱ የመጨረሻው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ግን አይገባም። 11 ቮልቱን የበላው ሽቦው ራሱ ነው ወይስ አንድ ቅጥያ? የሽቦውን ርዝመት ይለኩ። ከሳጥን እስከ ሶኬት 15 ሜትር ባለ 2.5 ከሆነ ደርሶ መልሱ 0.21 ኦም ነው፤ ሶኬቱ ላይ 201 ቮልት ሲኖር ምጣዱ የሚወስደው 14.5 አምፔር ስለሆነ መጥፋት የነበረበት 3 ቮልት ብቻ ነው። ቀሪው 8 ቮልት የጠፋው በላላ ብሎን ወይም በተጠማዘዘ ቅጥያ ላይ ነው። 8 ቮልት በ14.5 አምፔር ሲባዛ 116 ዋት ይመጣል። የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ ላይ የካውያን አንድ አስረኛ የሚበልጥ ሙቀት ማለት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ። ቤት የሚያቃጥለው ይህ ነው። የጠፋው ቮልቴጅ ከስሌቱ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ግን ቅጥያው ጤነኛ ነው፣ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ረዝሟል፤ ያኔ መፍትሄው መቀየር ነው።

ቅጥያውን ለማግኘት ዋናውን ካወረዱ በኋላ በመስመሩ ላይ ያሉትን ሶኬቶችና የመገናኛ ሳጥኖች ይክፈቱ። የጠቆረ መዳብ፣ የደረቀና የተሰነጠቀ ልባስ፣ ቡናማ የሆነ ፕላስቲክ ይፈልጉ። የተቃጠለውን ጫፍ ማጽዳት በቂ አይደለም። አብረቅራቂ መዳብ እስኪገኝ ቆርጠው ይጣሉት፣ አዲሱን ጫፍ ልጠው በብሎን በሚታሰር ተርሚናል ይያዙት፣ ጎተት አድርገው ይፈትኑ። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል አዳማ ላይ ዕድሜው አጭር ነው፤ በሙቀቱ የናስትሮው ሙጫ ይቀልጣል፣ ከዚያ አቧራው ይገባል። ከጥገና በኋላ ያንኑ ሦስት ልኬት ይድገሙ። ቁጥሩ ካልተለወጠ የተጠገነው ሌላ ቦታ ነው።

ጥፋቱ ከቆጣሪው በፊት ከሆነ፣ ማለትም ምጣዱ ሲበራ ቆጣሪው ላይ ራሱ 10 ወይም 15 ቮልት ከወረደ፣ ነገሩ ከግቢው ውጪ ነው። ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ አሉሚንየም፣ የቤቱ ደግሞ መዳብ ነው፤ ሁለቱ ለዚሁ በተሠራ ማገናኛ ካልተያያዙ መጋጠሚያቸው ይዝጋል። በዚያ ላይ ነፋሱ አለ። ከተማዋ ዳር ተርባይን የሚያዞረው ነፋስ በግቢው ላይ የተንጠለጠለውንም ሽቦ ሌት ተቀን ያወዛውዘዋል፣ መያዣውን ያላላል። ምሰሶ ላይ አይወጣም፣ የቆጣሪ ማኅተም አይነካም። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጥሪ ማዕከል 905 ነው፤ «መብራት ይፈዛል» ከማለት «ቆጣሪው ላይ 218 የነበረው በ15 አምፔር 203 ይሆናል» ማለት ሠራተኛው የሚፈልገውን ይዞ እንዲመጣ ያደርጋል።

ብሬከሩ ይወርዳል

አወራረዱን ይመልከቱ። እንደተነሳ ወዲያው ጧ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (የሚመልሰው ሽቦ) የተነካኩበት ሾርት አለ። ሁሉንም ዕቃ ይንቀሉና ያንሱት፤ ከቆመ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰኩ ጥፋተኛውን ያገኙታል፣ ሁሉም ተነቅሎም ከወረደ ሾርቱ ሽቦው ውስጥ ነው።

አሥር ሃያ ደቂቃ ቆይቶ የሚወርድ ከሆነ ግን ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ምጣድ፣ የውሃ ማፍያና ካውያ አብረው ሲበሩ 15.9 ሲደመር 9.1 ሲደመር 4.5፣ 29.5 አምፔር ነው። በሬዚስታንስም ብንሄድ ያው ነው፦ 13.8፣ 24.2 እና 48.4 ኦም በትይዩ 7.45 ኦም ይሆናሉ፣ ከሦስቱ ትንሹ ሬዚስታንስ ካለው ምጣድም ያንሳል። 220 ለ7.45 ሲካፈል 29.5። አንድ ዕቃ በተጨመረ ቁጥር ለከረንቱ አንድ መንገድ ስለሚጨመርለት አጠቃላይ ሬዚስታንሱ ሁልጊዜ ይወርዳል፤ ዕቃ በዝቶ ሬዚስታንስ የሚጨምረው በተከታታይ ሲሆን ነው። ባለ 20 አምፔር ብሬከር 29.5 ሲያልፍበት ወዲያው አይወርድም። ውስጡ ያለው የብረት ልሳን እየጋለ ታጥፎ ነው የሚያወርደው፤ ጊዜ ይወስዳል።

በዚህ ቦታ የሚሠራው ስህተት ሁሌ አንድ ነው። ባለ 20 ብሬከር ተነቅሎ ባለ 32 ወይም ባለ 40 ይገባል፣ «ተስተካከለ» ይባላል። ብሬከሩ የተቀመጠው ለሽቦው ነው። ባለ 2.5 ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ 30 አምፔር ሲያሸክሙት ልባሱ እየተጠበሰ ይሄዳል፣ ያስጠነቅቅ የነበረው ብሬከር ግን ከእንግዲህ ዝም ይላል። ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦ በ10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 በ16 አምፔር፣ ለምጣድ ለብቻው ባለ 4 በ20 አምፔር ያድርጉ። የምጣዱ መስመር ከሳጥኑ ቀጥ ብሎ ምጣዱ ድረስ ይሂድ፣ በመንገድ ላይ ምንም አይቀጠልበት። ሁለት ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚጋገርበት ግቢ ከሆነ ሁለት መስመር ያስፈልጋል፤ ከቆጣሪ እስከ ሳጥን ያለው ሽቦም የሁሉንም ድምር መሸከሙን ያረጋግጡ። ቤት ሲጨመር ይህ ሽቦ ሳይነካ ይቀራል፣ ግቢው ከሦስት ቤት ወደ ስምንት ሲያድግ እሱ ያው ባለ 4 ነው።

ሌላም አለ። የቤት ብሬከር የሚሰፈረው ለ30 ዲግሪ ሙቀት ነው። ሳጥኑ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ውስጡ ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ብሬከሩም ከተጻፈበት ቁጥር በፊት ይወርዳል። ጠዋት የሚሠራ፣ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወርድ ብሬከር ካለ፣ ጭነቱ ሳይለወጥ፣ ሳጥኑን ወደ ጥላ ያዛውሩ። የላላ ብሎንም ብሬከሩን በጎን ያሞቀዋል፤ ሳጥኑን ሲከፍቱ ዋናውን አውርደው ከዋናው በኋላ ያሉትን ብሎኖች ሁሉ ያጥብቁ፤ የዋናው መግቢያ ግን ወርዶም ኤሌክትሪክ አለውና አይነካም።

ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ ይግላል

ዲቫይደር ላይ የተሰኩት ሁሉ በትይዩ ናቸው፣ የሚጋሩት ግን አንድ ቀጭን ገመድና አንድ መሰኪያ ነው። አብዛኛው ዲቫይደር 10 አምፔር ይላል፤ ጥቂቶቹ 16 ይላሉ፣ ገመዳቸው ግን ያንን ሲሸከም አይታይም። ምጣድ፣ የውሃ ማፍያና ምድጃ ዲቫይደር ላይ አይሰኩም። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ ብቻ። ሶኬቱ ራሱ ከጋለ ውስጡ ያለው የብረት መያዣ ላልቷል፤ መሰኪያው ሲገባ ጠንከር ብሎ ካልያዘ ሶኬቱን ይቀይሩ፤ መያዣውን በካቻቢቴ ማጥበቅ ለአንድ ሳምንት ነው። የጋለ መሰኪያ ያበላሸው ሶኬት ላይ አዲስ መሰኪያ ማስገባት ወይም የተገላቢጦሹ አዲሱንም ያቃጥላል፣ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ።

ግማሹ ቤት ይሠራል፣ ግማሹ ሞቷል

ትይዩ በመሆኑ አንዱ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ሌላው ይቀጥላል። ሶኬቶች አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ ስለሚሄዱ፣ ከሦስተኛው በኋላ ያሉት ከሞቱ ብልሽቱ ሦስተኛው ሶኬት መውጫ ላይ ወይም አራተኛው መግቢያ ላይ ነው። ሁለቱን ብቻ ይክፈቱ፤ የተነቀለውን ሽቦ ከሁለቱ በአንዱ ያገኙታል።

ሁለት አምፖል ተሰቅሎ ሁለቱም ደብዛዛ ሆኑ

አምፖሎቹ በተከታታይ ተቀጥለዋል። 60 ዋት የሆኑ ሁለት የክር አምፖሎች ቢሆኑ 220 ቮልቱን ለሁለት ተካፍለውት ለየአንዳንዱ 110 ይደርሰዋል። የተለያዩ ከሆኑ የሚያስገርም ነገር ይታያል፦ የ25 ዋቱ ከ100 ዋቱ ይልቅ ይደምቃል፣ ምክንያቱም ሬዚስታንሱ አራት እጥፍ ስለሆነ ከ220ው 176 ቮልት ይወስዳል። አንዱ ሲቃጠል ሌላውም የሚጠፋው በዚሁ ነው። የሁለቱንም ፌዝ ከማብሪያ ማጥፊያው መውጫ፣ የሁለቱንም ኒውትራል ከኒውትራል ያገናኙ።

የአንዱ ቤት መብራት ነደደ፣ የሌላው ጭል ጭል አለ

ይህን ሲያዩ ምንም ሳይለኩ ዋናውን ያውርዱ።

ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ሦስት ፌዝ ከአንድ ኒውትራል ጋር በገባበት ግቢ ቤቶቹ በተለያዩ ፌዞች ላይ ይከፋፈላሉ፣ ኒውትራሉ ግን የጋራ ነው። በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ደህና እስከሆነ ድረስ እያንዳንዱ ቤት የራሱን 220 ያገኛል። የጋራው ኒውትራል ከተቆረጠ ወይም ከላላ፣ በትይዩ የነበሩት ቤቶች በ380 ቮልት ላይ በተከታታይ ይቆማሉ። አንዱ ቤት ምጣድ ጥዷል፣ 13.8 ኦም። ሌላው ቤት ቴሌቪዥንና አምፖል ብቻ ነው ያለው፣ 100 ዋት፣ እንደ 484 ኦም እንቁጠረው። ድምሩ 498 ኦም፣ የሚያልፈው ከረንት 0.76 አምፔር ነው። የምጣዱ ቤት 10.5 ቮልት ያገኛል፤ የቴሌቪዥኑ ቤት 369 ቮልት። በተከታታይ ሲሆን ትልቁን ቮልቴጅ የሚወስደው ሬዚስታንሱ ትልቅ የሆነው ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚነደው ጥቂት የሚጠቀመው ቤት ነው። ምጣዱ ምንም አይሆንም፣ የስልክ ቻርጀሩ ይፈነዳል።

ብሬከር ይህን አያድንም። 0.76 አምፔር ለብሬከሩ ምንም አይደለም፤ እሱ የሚያየው ከረንት እንጂ ቮልቴጅ አይደለም።

ለማረጋገጥ፣ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ነቅለው፣ በክር አምፖል ወይም በካውያ ጭነት ብቻ ዋናውን ያንሱና ሳጥኑ ላይ እያንዳንዱን ፌዝ ከኒውትራል ጋር ይለኩ። ሦስቱም 220 አካባቢ መሆን አለባቸው። አንዱ 120 ሁለቱ ደግሞ 280 ከሆኑ፣ በፌዝና በፌዝ መካከል ግን 380ው ካልተነካ፣ ኒውትራሉ ነው። ዋናውን መልሰው ያውርዱና በሳጥኑ ውስጥ ያለውን የኒውትራል ማሰሪያ ይመርምሩ፣ የጠቆረውን ቆርጠው ያድሱ፣ ውፍረቱ ከፌዙ ያላነሰ ይሁን። በኒውትራል ላይ ባልቦላ ወይም ብቻውን የሚወርድ ብሬከር በጭራሽ አይገባም፤ «ለጥንቃቄ» ተብሎ የተደረገበት ግቢ ካጋጠመ ያውጡት። ችግሩ ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ወደ 905።

ባለ አንድ ፌዝ ቤት ላይ ኒውትራል ሲቆረጥ መልኩ ሌላ ነው። ሁሉም ይጠፋል፣ ቴስተር ግን በሶኬቱ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ይበራል። «ሁለት ፌዝ ገባ» ይባላል፤ አልገባም። ፌዙ በተሰካው ፍሪጅ ወይም በበራው አምፖል በኩል አልፎ መመለሻ ያጣው ኒውትራል ላይ ቆሟል። ሁሉንም ዕቃ ቢነቅሉና ቢያጠፉ አንደኛው ቀዳዳ ይጠፋል። ያ ኒውትራል ግን ዕቃ እስከተሰካ ድረስ የሚገድል ሽቦ ነው፣ ኒውትራል ነው ተብሎ በእጅ አይያዝም።

የምጣዱ ሽቦ በየወሩ ይበጠሳል

የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ ማገናኘት የተለመደ ነው፣ ለአንድ ጊዜ ያስኬዳል። ነገር ግን በተጠገነ ቁጥር ከሁለቱም ወገን ትንሽ ይቆረጣል፣ ሽቦው ያጥራል። አስር በመቶ ካጠረ 13.8 የነበረው 12.4 ኦም ይሆናል፤ ከረንቱ ከ15.9 ወደ 17.7፣ ኃይሉ ወደ 3,890 ዋት ይወጣል። ያ ጭማሪ ባጠረ ሽቦ ላይ ስለሚያርፍ እያንዳንዱ ሜትር ከበፊቱ ሩብ ያህል የበለጠ ይግላል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ይበጠሳል፣ እንደገና ይቆረጣል። እንጀራው መሐሉ እያረረ ዳሩ ጥሬ የሚሆነውም ሽቦው ቦዩ ውስጥ እኩል ስላልተዘረጋ ነው።

ነቅለው፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ ሁለቱን ጫፍ በመልቲሜትር ይለኩ። ለ3,500 ዋት 14 ኦም አካባቢ ይጠበቃል፤ 12 ከደረሰ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ። አዲሱን ሲገዙ በዋት ይጠይቁ፣ ከማስገባትዎ በፊት ይለኩት፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም አንድ ይመስላል። ቦዩ ውስጥ ሲያስገቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይዘርጉት። ሽቦው ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ናስትሮ ወይም ፕላስቲክ አይሁን፤ ሸክላ ተርሚናልና ወፈር ያለ ብሎን ነው የሚይዘው።

በበዓል ዋዜማ ምጣዱ አይግልም፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል

የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ይጋግራል፣ ሁሉም ምጣዶች በአንድ ትራንስፎርመር ላይ በትይዩ ናቸው። ቮልቴጁ 190 ከደረሰ የ3,500 ዋቱ ምጣድ 13.7 አምፔር ብቻ ይወስዳል፣ ኃይሉም 2,610 ዋት ነው። ቮልቴጁ 14 በመቶ ሲወርድ ሙቀቱ ሩብ ያህል ይጎድላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እርሾውን ከመውቀስ በፊት ሶኬቱን ይለኩ። ምጣዱን አስቀድሞ አምስት አሥር ደቂቃ ማጋል፣ በየእንጀራው መካከልም ትንሽ መቆየት ይረዳል። የሚበጀው ግን ሌሊት ወይም ማለዳ መጋገር ነው፣ የቆዩ እናቶች እንደሚያደርጉት።

ፍሪጁ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ምጣድ ሬዚስታንስ ነው፣ ቮልቴጅ ሲጎድልበት ከረንቱም ይጎድላል። የፍሪጅ ሞተር ግን ኃይሉን ለመሙላት የበለጠ ከረንት ይጎትታል፣ በጣም ሲወርድ መነሳት አቅቶት እያጉረመረመ ይግላል። እንዲያ ሲያደርግ ይንቀሉት። ለፍሪጅ ስታቢላይዘር ወይም ቮልቴጅ ሲወርድ የሚቆርጥ መከላከያ ይገባል፤ ለምጣድ የሚሆን ስታቢላይዘር ዋጋው ከምጣዱ በብዙ ይበልጣልና አይታሰብ።

ፍሪጁ ይነዝራል

ከውስጥ የሆነ ሽቦ ወይም እርጥበት ፌዙን ከአካሉ ጋር አገናኝቷል፣ የሚነካውም ሰው በትይዩ የገባ አንድ ቅርንጫፍ ሆኗል። እርጥብ እጅና ባዶ እግር ያለው ሰው 1,000 ኦም አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ በ220 ቮልት 220 ሚሊ አምፔር ነው። ለመግደል ከበቂ በላይ ነው፣ ለብሬከር ግን ከምንም አይቆጠርም።

አርዲንግ (የዕቃውን አካል መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ማገናኘት) ብቻ ይበቃል የሚባለውም በአዳማ ደረቅ አፈር ላይ አይሠራም። የተቀበረው ዘንግ 50 ኦም ቢኖረው ከፌዝ ወደ መሬት የሚሄደው 4.4 አምፔር ነው፣ ባለ 16 ብሬከር አይወርድም፣ የፍሪጁ አካልም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። መፍትሄው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ሌኬጅ ብሬከር ነው። በፌዝ ሄዶ በኒውትራል ያልተመለሰ ከረንት ሲያይ ወዲያው ይቆርጣል። ከገባ በኋላ የሚወርድ ከሆነ እሱን መንቀል ሳይሆን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የሚያፈሰውን መፈለግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምጣድ፣ የሻወር ማሞቂያ ወይም ያረጀ ፍሪጅ ሆኖ ይገኛል። በላዩ ላይ ያለችውን የመፈተሻ ቁልፍ በወር አንድ ጊዜ ይጫኑ።

መለኪያው ኦም ላይ ሲዋሽ

ኦም የሚለካው ኤሌክትሪክ ጠፍቶ፣ ዕቃው ከመስመሩ ተነቅሎ ብቻ ነው። ሶኬት ላይ የተሰካ ምጣድ ሲለካ መለኪያው የሚያሳየው የምጣዱንና በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ሁሉ ትይዩ ድምር ነው። 13.8 መሆን የነበረበት 9 ሲሆን «ሽቦው አጥሯል» ተብሎ ጤነኛ ምጣድ ይፈታል፣ ጥፋቱ ግን ከጎኑ ተሰክቶ የተረሳው የውሃ ማፍያ ነው፤ 13.8 እና 24.2 በትይዩ 8.8 ናቸው።

ይህንኑ ጠባይ ለጥቅም ማዋል ይቻላል። ዋናው ወርዶ፣ ሁሉም ዕቃ ተነቅሎ፣ ማብሪያዎቹ ጠፍተው፣ ከሳጥኑ በሚወጣው ፌዝና ኒውትራል መካከል ሲለካ ቁጥሩ እጅግ ትልቅ፣ በሜጋ ኦም (በሚሊዮን ኦም) መሆን አለበት። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሾርት አለ። 20 ወይም 50 ኦም ካሳየ አንድ ሰው አንድ ዕቃ ሳይነቅል ቀርቷል፤ 48,400ን በዚያ ቁጥር ቢያካፍሉት የተረሳው ዕቃ ስንት ዋት እንደሆነ ይመጣል። 48 ኦም ከሆነ ካውያ ይፈልጉ። የክር አምፖል ግን በዚህ አይገመትም፣ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ሲበራ ከሚኖረው አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ኤልኢዲና ቴሌቪዥንም በውስጣቸው ሰርኪዩት ስላለ በኦም መለኪያ ትርጉም ያለው ቁጥር አይሰጡም፤ እነሱን ሽቦውን አቅፎ ከረንት በሚለካው በክላምፕ ሜትር፣ በርተው፣ በፌዙ ሽቦ ላይ ብቻ ይለኩ። ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ከያዘ ክላምፑ ዜሮ ያነባል።